የአያቴ ፎቶግራፍና የካርቱሙ ፎቶግራፍ አንሺ

በእናቴ ቤት፥ በእልፍኙ ግድግዳ ላይ፥ ከመስኮቱ በስተ ቀኝ አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ ተሰቅሎ ይኖራል። ቁመቱ አንድ ስንዝር አይሞላም። ካኪ ሸሚዝ የለበሰ አንድ ወጣት በወንበር ላይ ተቀምጦ፥ በግራ እጁ መጽሐፍ ይዞ፥ ቀኝ እጁን በጉልበቱ ላይ አሳርፎ ይታያል። በስተ ኋላው የድንጋይ ደረጃና የዛፍ ቅርንጫፍ አለ። ከሥዕሉ በታች ባለው ነጭ ኅዳግ ላይ በቀይ ቀለምና በመልካም የቁም ጽሕፈት «በማይጨው ጦርነት የወደቀ» የሚል ቃል ተጽፎበታል። ይህ ወጣት የእናቴ አባት ነው። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የማይጨው ጦርነት ሲደረግ እናቴ ገና ጡት የምትጠባ ሕፃን ስለ ነበረች፥ የአባቷን መልክ የምታውቀው ከዚሁ ፎቶግራፍ ብቻ ነው።

ሴት አያቴ፥ ከዘማቾቹ መካከል የሚመለሱት ሁሉ ከተመለሱ በኋላ አንድ ዓመት ያህል ጠበቁ። ወሬው ፈጽሞ ስለ ጠፋ ግን ሞቷል ብለው ለቅሶ ተቀመጡ፤ ተዝካሩንም አወጡ። ከዚያ ወዲህ በቤታችን በየዓመቱ መጋቢት 22 ቀን ንፍሮ ተቀቅሎ ለነዳያን ይሰጣል። እኔም በልጅነቴ በዚያ ቀን በፎቶግራፉ ፊት ጧፍ ሲበራ አይቻለሁ። ስለ ፎቶግራፉ አመጣጥ ግን የጠየቀ ሰው አልነበረም። ነገሩ ሁሉ ከሥሩ ተጽፎ ሳለ ማን ምን ብሎ ይጠይቃል?

ጥያቄውን ያመጣው ምስጥ ነው። በ2008 ዓ.ም. የክፈፉን እንጨት ምስጥ በልቶት ስለ ተገኘ፥ እናቴ አውርጄ አዲስ ክፈፍ እንዳሠራለት አዘዘችኝ። የጀርባውን ካርቶን በቀስታ ባነሣሁት ጊዜ፥ ሥዕሉ የታተመበት ወረቀት ፖስታ ካርድ መሆኑን አየሁ። ጀርባው በመካከል በመስመር ተከፍሎ፥ በስተ ቀኝ ለአድራሻ የሚሆኑ መስመሮች፥ በላይኛውም ማዕዘን ቴምብር የሚለጠፍበት ትንሽ አራት ማዕዘን አለበት። ከታች ደግሞ ሐምራዊ ማኅተም ተመትቶበታል። የማኅተሙን ግማሽ ሙጫ አበላሽቶታል። ከስሙ የቀረው በላቲን ፊደል የተጻፈ «ያን» የሚል መጨረሻ ብቻ ነው። ከበታቹ ያለው ቃል ግን በላቲንም በዐረብም ፊደል ተጽፎ ደኅና ሆኖ ይነበባል። ቃሉ «ካርቱም» ይላል።

ሴት አያቴ በሕይወት ሳሉ፥ ባለቤታቸው ወደ ማይጨው እስከ ዘመተበት ቀን ድረስ ከሸዋ ወጥቶ እንደማያውቅ ይናገሩ ነበር። እንግዲህ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ በሥዕሉ ላይ ያለው ሰው እሱ አይደለም፥ ወይ ከሥሩ የተጻፈው ቃል ስሕተት ነው። የፊተኛው እውነት ቢሆን እናቴ ዕድሜዋን ሁሉ የማታውቀውን ሰው መልክ ስትስም ኖራለች። የኋለኛው እውነት ቢሆን ደግሞ አባቷ በሕይወት ሳለ ተዝካሩ ወጥቷል ማለት ነው። ሁለቱም ለአንዲት አሮጊት ሴት የሚነገሩ ነገሮች ሆነው አልታዩኝም። ስለዚህ ዝም ብዬ አዲሱን ክፈፍ አሠርቼ ሰጠኋት። ፊቱንና ጀርባውን ግን አስቀድሜ ገልብጬ ነበር፤ በክፈፉ ጠርዝ ተሸፍኖ በነበረው በታችኛው ማዕዘን ያየሁትንም ትንሽ ነጭ ቁጥር፥ 1218 የሚለውን፥ በማስታወሻዬ ላይ ጻፍሁ።

በሚቀጥለው ዓመት በሥራ ምክንያት ወደ ካርቱም ተላክሁ። ባልላክ ኖሮ ነገሩን ትቼው እቀር ነበር ብዬ አስባለሁ።

«ያን» የሚለው ድምፅ የአርመኖች የቤተ ሰብ ስም መጨረሻ መሆኑን የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ያውቃል። በአገራችን የፎቶግራፍ ታሪክ ውስጥም የአርመኖች ድርሻ ትልቅ ነው። በትውልዱ የዲያርበክር ሰው የነበረው ቤድሮስ ቦያጂያን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1905 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ። ከሱም በኋላ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ ተብሎ የሚጠራው ቶርኮም የአባታቸውን ሙያ ይዘው ቤተ መንግሥቱን አገለገሉ። በቁስጥንጥንያም የቱርክ ሱልጣን ፎቶግራፍ አንሺዎች የነበሩት የአብዱላህ ወንድማማቾች አርመኖች ነበሩ። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ፥ ከአጎት ወደ እኅት ልጅ እየተላለፈ፥ ከቱርክ ወደ ግብፅ፥ ከግብፅም ዓባይን ተከትሎ ሽቅብ ተጉዟል።

ካርቱም ከፎቶግራፍ ጋር የተዋወቀችው ግብፆች ሱዳንን ይገዙ በነበረበት ዘመን ነው። ሪካርድ ቡኽታ የተባለ ኦስትሪያዊ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1870ዎቹ መጨረሻ በካርቱምና በላይኛው የዓባይ አገር እየተዘዋወረ ብዙ ሥዕል አንሥቷል። በመሐዲ ዘመን መንግሥቱ ወደ ኦምዱርማን ስለ ተዛወረ ካርቱም ፍርስራሽ ሆና ቆየች። በ1898 የእንግሊዝና የግብፅ ጦር ኦምዱርማንን ከያዘ በኋላ ከተማይቱ እንደ ገና ተሠራች፤ የምድር ባቡሩም በ1899 መጨረሻ ከጥቁር ዓባይ ማዶ ደረሰ። ከባቡሩ ጋር ግሪኮች፥ ሶርያውያንና አርመኖች ለንግድ መጡ። ከነዚህም መካከል የካራካሺያን ወንድማማቾች የተባሉት በካርቱም ፎቶግራፍ እያነሡ ፖስታ ካርድ ያሳትሙ ነበር። ሞርሂግ የሚባለውም ሰው «የእንግሊዝ መድኃኒት ቤት» በሚል ስም የሚታወቀው ሱቁ የከተማይቱን ሥዕሎች በፖስታ ካርድ አውጥቷል። የመድኃኒት ነጋዴ ከሥዕል ጋር ምን አገናኘው የሚል ቢኖር፥ ፎቶግራፍ የሚታጠብበት ንጥረ ነገር በዚያ ዘመን ይሸጥ የነበረው ብዙ ጊዜ በመድኃኒት ቤት መሆኑን ያስታውስ። ቆየት ብሎም የአገሩ ተወላጆች ሙያውን ያዙ፤ የምድር ባቡር ከተማ በሆነችው በአትባራ የሠራው ራሺድ ማህዲ ስሙ ከሱዳን ውጭ ጭምር የታወቀ ነው።

«ያን» የሚለው ፊደል ለካራካሺያን ይስማማል፤ ነገር ግን ለአርመን ሁሉ ይስማማል። በስም ጭራ መፍረድ እንደማይገባ ስለ ተረዳሁ፥ ፎቶ ቤቱን ራሱን ለመፈለግ ተነሣሁ። በካርቱም መካከል ባለው በጁምሁሪያ መንገድና በአካባቢው ብዙ ቀን ተመላለስሁ። ቀድሞ ፎቶ ቤት ነበረ በተባለው ሱቅ ሁሉ የሚሸጠው የእጅ ስልክ ነበር። አርመኖቹም ጥቂት ቀርተዋል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1970 የኑሜሪ መንግሥት የነጋዴዎችን ድርጅቶች በወረሰ ጊዜ፥ ኋላም በ1983 አዲሱ ሕግ በወጣ ጊዜ ብዙዎቹ አገሩን ለቀው ሄደዋል። ከቀሩት አንዱ፥ ዕድሜያቸው ወደ ሰማንያ የሚጠጋ ሽማግሌ፥ በቤታቸው ተቀብለው ሻይ አስቀርበው አነጋገሩኝ። አጎታቸው ፎቶ አንሺ ነበሩና የመስተዋት ነጋቲቮቻቸው የት እንደ ደረሱ ጠየቅኋቸው።

«ልጄ» አሉኝ ሽማግሌው በዐረብኛ፥ «ሱቁ ሲዘጋ መስተዋቶቹ በሙቅ ውኃ ተፍቀው ለሥዕል ክፈፍ ተሸጡ።»

ምናልባት ከነዚያ መስተዋቶች አንዱ ዛሬ በአንድ ቤት ግድግዳ ላይ የሌላ ሰው ሥዕል ይሸፍን ይሆናል።

እኒህ ሰው ፎቶ ቤቱን አላገኙልኝም፤ ነገር ግን ሥዕል እንዴት እንደሚመረመር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የያዝሁትን ግልባጭ በአጉሊ መነጽር ረጅም ጊዜ ከተመለከቱ በኋላ፥ «ፊቱን ተወው፤ ፊቱ የአያትህ ነው። ከፊቱ በቀር ያለው ሁሉ ግን የፎቶ አንሺው ነው» አሉኝ። በእርግጥም እንዲህ ነው። ደረጃውና ዛፉ እውነተኛ ደረጃና ዛፍ አይደሉም፤ በሸራ ላይ በቀለም የተሣሉ፥ ከተነሺው በስተ ኋላ የሚሰቀሉ መጋረጃዎች ናቸው። አንድ ፎቶ ቤት እንዲህ ያለውን መጋረጃ እስኪያልቅ ድረስ ለብዙ ዓመት ይገለገልበታል። ወንበሩም፥ ምንጣፉም የቤቱ ናቸው። ካፖርት፥ የኪስ ሰዓት፥ ከዘራ፥ መነጽር ጭምር ለተነሺው የሚያውስ ፎቶ አንሺ ብዙ ነበር። ቴምብር በሚለጠፍበት አራት ማዕዘን ዙሪያ የሚታተመው ምልክት የወረቀቱን ፋብሪካ ያስታውቃል፤ የአሜሪካው ኮዳክ፥ የቤልጅጉ ጌቨርት፥ የጀርመኖቹ ሊዮናርና ሚሞሳ በየራሳቸው ምልክት ይታወቁ ነበር። የእኛው ኮዳክ ነበረ። ኮዳክ ግን እንዲህ ያለውን ወረቀት ለረጅም ዘመን ስለ ሸጠ፥ ይህ ብቻውን ዘመኑን አያስለይም። ካኪ ሸሚዙም እንዲሁ ነው፤ በዚያን ጊዜ ካኪ ያልለበሰ የየትኛው አገር ጦር ነበረ?

«እንግዲህ ምን ይሻላል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ይህ መጋረጃ ያለበት፥ ቀኑም የተጻፈበት ሌላ ሥዕል ፈልግ» አሉኝ።

ምክሩ ለመናገር ቀላል፥ ለመፈጸም ከባድ ነበር። በካርቱም ይኖሩ ከነበሩት የአገራችን ሰዎች መካከል ብዙዎቹ የሰፈሩት ደይም በሚባለው ሠፈር ነበር። እዚያ በቡና ላይ፥ በማኅበር ላይ፥ በለቅሶ ቤትም ሳይቀር አሮጌ ፎቶግራፍ ያለው ሰው እንዳለ እጠይቅ ጀመር። ሰዉ መጀመሪያ ሣቀብኝ፤ ኋላ ግን እየለመደኝ ሄደ። ከስምንት ወር በኋላ፥ በ2010 ዓ.ም. መባቻ፥ አባታቸው በጠላት ወረራ ዘመን በስደት ወደ ካርቱም የመጡ አንዲት ወይዘሮ እንዳሉ ሰማሁ። እሳቸው የተወለዱት ካርቱም ነው። አባታቸው አገሩ ነፃ ከወጣም በኋላ ሳይመለሱ፥ በከባድ መኪና ነጂነት ኖረው እዚያው አርፈዋል።

እማማ ቡናውን ሦስተኛ እስኪያደርሱ ድረስ አልበሙን አላወጡም። ባወጡትም ጊዜ ገጹን ገና እንደ ገለጡ አየሁት፤ ያው ደረጃ፥ ያው የዛፍ ቅርንጫፍ! በደረጃው ድጋፍ ላይ ቀለሙ የተላጠበት፥ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ቦታ በአያቴም ሥዕል ላይ በዚያው ስፍራ ይገኛል። አባታቸው ቆመው ነው የተነሡት። በእጃቸው የያዙትም መጽሐፍ፥ ማዕዘኑ የታጠፈው፥ አያቴ የያዘው መጽሐፍ ነው።

«ይህ መጽሐፍ የአያቴ ነው» አልኋቸው።

«የአባቴ ነው እንጂ» አሉኝ እማማ ቆጣ ብለው። «አባቴ ሲኖር ሲኖር መጽሐፍ ወዳድ ነበር።»

ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን አድርገን ከተመለከትን በኋላ ግን ሁለታችንም ሣቅን። በእኛ ቤት ለዚያ መጽሐፍ ሲባል «አባታችን ዳዊት ደጋሚ ነበር» እየተባለ ብዙ ተመክቶበታል። ሴት አያቴ ብቻ «ፊደል እንኳ አልቆጠረ» ሲሉ ይሰሙ ነበር፤ የሚያምናቸው አልነበረም።

እማማ ሥዕሉን ከአልበሙ ጥቂት ከፈት አድርገው ጀርባውን አሳዩኝ። በእርሳስ በአማርኛ «ካርቱም፥ ጥቅምት 1933 ዓ.ም.» ተብሎ ተጽፏል። ይህን የጻፉት አባታቸው ራሳቸው ናቸው። የእኛ ሥዕል ከሥሩ የተጻፈው ቃል ግን፥ ኋላ እንደ ሰማሁት፥ የሴት አያቴ ወንድም የነበሩ አንድ የቁም ጸሐፊ ከብዙ ጊዜ በኋላ የጻፉት ነው። ዘግይቶ የመጣ ምስክር የሰማውን እንጂ ያየውን አይናገርም።

እንግዲህ ያ መጋረጃ በጥቅምት 1933 ዓ.ም. በካርቱም ፎቶ ቤት ተሰቅሎ ነበር። የተላጠው ቦታ በሁለቱም ሥዕሎች ላይ አንድ ዓይነት በመሆኑ፥ ሁለቱ የተነሡት በተቀራረበ ጊዜ እንደ ሆነ ያመለክታል። ያን ጊዜ የነበረችውን ካርቱምን ለማስታወስ ያህል፥ ኢጣልያ ከጀርመን ጋር ሆና ጦርነት ካወጀች በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሰኔ 1932 ዓ.ም. ከእንግሊዝ አገር በግብፅ በኩል ወደ ሱዳን መጥተው በዚያ ተቀምጠው ነበር። ከማይጨው በኋላ በየበረሃው ወደ ሱዳንና ወደ ኬንያ የተሰደዱ ወታደሮች እየተሰበሰቡ፥ ከካርቱም አጠገብ በምትገኘው በሶባ የጦር ትምህርት ይማሩ ነበር። በጥቅምት 18 እና 19 ቀን 1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ የጦር ሚኒስትር አንቶኒ ኢደን ካርቱም መጥቶ ስለ ኢትዮጵያ ዘመቻ ምክር ተደረገ፤ በዚያው ወር መጨረሻም ዊንጌት ደረሰ። ጥር 12 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ በኩል ድንበሩን ተሻግረው ወደ ጎጃም ጉዞ ጀመሩ። ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ።

ወደ አገሩ ለመዝመት የሚጠባበቅ ወታደር ከደመወዙ ቆርጦ ፎቶግራፍ ቢነሣ የሚያስደንቅ አይደለም። ፖስታ ካርድ ሆኖ መታተሙም ለመላክ እንዲመች ነው። በጠላት እጅ ወዳለች አዲስ አበባ ግን ከካርቱም ፖስታ አይደርስም ነበር።

በ2010 ዓ.ም. ለፋሲካ ወደ ቤት ስመለስ ለእናቴ ነገርኋት። መንገር ይገባኛል አይገባኝም እያልሁ በአውሮፕላን ውስጥ ሳመነታ ነበር። ሥዕሉን አውርጄ፥ ጀርባውን ገልጬ፥ ማኅተሙን አሳይቼ፥ የእማማን አባት ሥዕል ግልባጭ በጎኑ አኖርሁ። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ሁለቱን እያፈራረቀች አየች።

«ማይጨው የሆነው በመጋቢት ሃያ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነው» አለች። ከዚያም በጣቷ ቆጠረች። «አራት ዓመት ከሰባት ወር። እኔ አምስት ዓመት ሊሆነኝ ነበር።»

ጥቂት ቆይታም «ተዝካሩን ቀድመን አበላነው በለኛ» አለች።

ሁለት ቀን ምንም አልተናገረችም። በሦስተኛው ቀን ቡና ስታፈላ ሥዕሉ ወደ ቤታችን እንዴት እንደ መጣ፥ ከእናቷ የሰማችውን አጫወተችኝ። አገሩ ነፃ በወጣ በዓመቱ ገደማ አንድ ከጎጃም የመጣ ሲራራ ነጋዴ ሴት አያቴን አጠያይቆ አግኝቷቸው፥ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ሰጥቷቸው ሄደ። በውስጡ ሥዕሉና ሁለት ማርትሬዛ ብር ነበረበት። ነጋዴውም ከሌላ ሰው ተቀብሎ ያመጣ እንጂ የላከውን አያውቅም። ሴት አያቴ በማይጨው አብሮት የነበረ ጓደኛው የሟችን ገንዘብና ሥዕል መለሰ ብለው አመኑ፤ ባሏን የቀበረች ሴት ሌላ ምን ልታስብ ትችላለች? ወንድማቸውም በዚያው ሳምንት ቀይ ቀለሙን አዘጋጅተው ጻፉበት።

ስለዚህ አያቴ ከማይጨው በሕይወት ተርፎ ካርቱም ደርሷል፤ ሥዕሉም በጎጃም በኩል ገብቷል። የጎጃምን ዘመቻ ፎቶግራፎች፥ በለንደን በኢምፔሪያል ዋር ሙዚየም የሚገኙትን ጭምር፥ ፊት ለፊት እያየሁ ፈልጌዋለሁ። በደምበጫ ምሽግ ንጉሠ ነገሥቱን በሳንድፎርድና በዊንጌት መካከል የሚያሳየውን ሥዕል የማያውቅ የለም። የተራ ወታደርን ስም ግን ከሥዕል ሥር የሚጽፍ አልነበረም።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። የእማማን አልበም በስልኬ ስገለብጥ የገለበጥሁት ፊት ፊቱን ብቻ ነው። ጀርባውን በዐይኔ አይቼ በቃሌ ይዤ ቀረሁ፤ ሥዕሎቹንም ማዕዘን ማዕዘናቸውን ከያዟቸው ከትናንሽ ወረቀቶች አላወጣኋቸውም። ሌላ ጊዜ እመለሳለሁ ብዬ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ተነሣ። ያ ሁሉ ሠፈር ባዶ ሆነ። ብሔራዊ ሙዚየሙ ተዘረፈ፤ በኦምዱርማን የአህሊያ ዩኒቨርሲቲ የሱዳን ጥናት ማእከልም ከነመጻሕፍቱ ተቃጠለ። እንግሊዞቹ ሹማምንት ያነሧቸው ብዙ ሥዕሎች በእንግሊዝ አገር በደራም ዩኒቨርሲቲ በሱዳን ማኅደር፥ ከ1957 ጀምሮ የተሰበሰቡ፥ በደኅና ተቀምጠዋል። በየቤቱ የነበረውን አልበም ግን ማን ሰብስቦት ነበር?

ስለዚህ፥ አንባቢ ሆይ፥ በቤትህ አሮጌ ፎቶግራፍ እንዳለህ ዛሬውኑ አውርደህ ጀርባውን ተመልከት፤ ከክፈፉም ጋር ተጣብቆ እንደ ሆነ በጉልበት አትላቀው፥ ሙያ ላለው ሰው አሳየው። ፊቱንም ጀርባውንም፥ ጠርዙን ሳትቆርጥ፥ ገልብጥ። የሰዎቹን ስም፥ የነገረህንም ሰው ስም ከነቀኑ፥ በለስላሳ እርሳስ በጀርባው ጻፍ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ወደ ፊቱ ዘልቆ ያበላሻልና። ሙጫና ፕላስተር ከቶ አታስነካው። ፀሐይ ከሚያርፍበት ግድግዳም አርቀው። በስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የአገራችንን አሮጌ ፎቶግራፎች ስለሚያስቀምጥ፥ ለማመሳከር የሚፈልግ ሰው እዚያ ብዙ ያያል። ከሁሉ በፊት ግን የቤቱን ሽማግሌ መጠየቅ ይቀድማል፤ ሴት አያቴን አንድ ቀን እንኳ «ይህን ሥዕል ማን አመጣው?» ብለን ብንጠይቃቸው ኖሮ ነገሩ በሕይወታቸው ሳሉ በተገለጠ ነበር።

እማማን በሞት አጥቻቸዋለሁ ብዬ ነበር። በ2016 ዓ.ም. በጥር ወር አንድ ቀን ስልኬ ተደወለ። ከካርቱም ወደ ወድ መደኒ፥ ከዚያም ወደ ገዳሪፍ፥ በመተማም በኩል ገብተው አዲስ አበባ ከልጃቸው ጋር ደርሰዋል። ሄጄ ሳያቸው እጅግ ከስተዋል። አልበሙስ ብዬ ለመጠየቅ አፈርሁ። እሳቸው ግን ነገሩ ገብቷቸው በነጠላ የተቋጠረ ጥቅል አመጡ።

«አልበሙ ከበደኝና ሥዕሎቹን ነቅዬ ይዤ መጣሁ» አሉኝ።

የአባታቸውን ሥዕል በመስኮቱ ብርሃን አየሁት። ቀድሞ በአልበሙ የማዕዘን ወረቀት ተሸፍኖ የነበረው ጥግ አሁን ተገልጧል። ፎቶ አንሺው በነጋቲቩ ላይ ጭሮ የጻፈው ቁጥር በትንሹ ነጭ ሆኖ ይነበባል፤ 1219 ይላል።

ማስታወሻዬን ቤቴ ድረስ ሄጄ አመጣሁ። የአያቴ ቁጥር 1218 ነው። አንዱ ከወንበሩ ተነሣ፥ መጽሐፉን ለሌላው ሰጠ፥ ሌላው ቆሞ ተነሣ። ወዳጆች ይሁኑ፥ ወይም ተራ ሲጠብቁ የተገናኙ ይሁኑ፥ ቁጥሩ ይህን አይናገርም። እናቴና እማማ ግን በዚህ ነገር ክርክር የላቸውም፤ «አባቶቻችን ጓደኛሞች ነበሩ» ብለው ጨርሰውታል። እማማ በየሳምንቱ እሑድ እኛ ቤት ቡና ይጠጣሉ።

ቀይ ቀለሙ ይፋቅ ወይ ብዬ እናቴን ጠየቅኋት። አጎቷ የጻፉት ስለ ሆነ አይነካም አለች። መጋቢት 22 ቀን የሚሰጠውም ንፍሮ እንደ ቀድሞው ይሰጣል። ሥዕሉን ግን አስወርዳ፥ እርሳስ አስቀርጻ፥ በጀርባው ከማኅተሙ ጎን «ካርቱም፥ ጥቅምት 1933 ዓ.ም.፥ በሕይወት» ብዬ እንድጽፍ አዘዘችኝ፤ እኔም ጻፍሁ።